የማይለቀው ጥላሸት

የዚህ ወር ፖስታዬ ጥንቸል በጥንቸል ሆኗል። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዚያው። ታገሡኝ።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አንደኛ ከወጣሽ ጥንቸል እገዛልሻለሁ ብዬ አፌን ሳልይዝ ተናገርኩ። ወጣች። ምን ይደረጋል! በካርቶን ይዞ ከሚዞር ወጣት ላይ በ500 ብር ገዛሁላት። ስድስት ሳምንቷ ነው አለኝ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናት። ልጄ ጥጤ አለቻት።

ነጭ ናት፤ ዓይኗ ቀይ ነው። ግን አፍንጫዋና የጆሮዋ ጫፍ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር አለ። የምትተኛው ከከሰል ምድጃው አጠገብ ስለሆነ ጥላሸት መስሎኝ በሳሙና አጠብኳት። አልለቀቀም። እንዲያውም እየባሰበት ሄደ።

ሻጩ "የኒውዚላንድ ዝርያ ናት" ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ አየቻትና "ይቺማ ካሊፎርኒያ ናት፣ የስጋ ጥንቸል" አለች። ልጄ ይህን ሰምታ እራት አልበላም ብላ ተኛች። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በቴሌግራም ፎቶዋን አይቶ "ድዋርፍ ናት፣ ከዚህ በላይ አታድግም፣ አትጨነቂ" አለኝ። ማንን ልመን? ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ምን ያህል እንደምትሆን ካላወቅኩ ማደሪያ እንኳ ማሠራት አልቻልኩም። እናቴ በበኩሏ "ክርስቲያን ቤት ጥንቸል ምን ይሠራል?" እያለች ነው። በሱቅ ሚዛን 900 ግራም ሆናለች። ጆሮዋ ከመሐል ጣቴ ይረዝማል። ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ።

የጥጤ አሳዳሪ፣ ከሽምብጥ»

መልስ

ልጄ፣ መጀመሪያ ሳሙናውን አስቀምጪልኝ። ጥንቸል አይታጠብም። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ብርድ ያስመታዋል። ፈሪ እንስሳ ስለሆነ ድንጋጤው ብቻውን ሊገድለው ይችላል። ጥጤ ተርፋለች፣ ተመስገን። የከሰል ምድጃውንም አርቂላት። ጭሱ ለሳንባዋ አይሆንም፤ ሙቀቱንም አትችለውም። ጥንቸል እንደ እኛ አያልበውም። ሙቀት የሚያወጣው በአብዛኛው በጆሮው ነው። የእኛን የሚያዝያ ፀሐይ ታውቂዋለሽ፤ ምድጃ ሲጨመርበት አስቢው።

ያ ጥላሸት ደግሞ ጥላሸት አይደለም። የዘሯ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሦስቱንም ፎቶ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አንዱ ደብዛዛ ነው፤ ጥጤ ስትሮጥ የተነሳ መሰለኝ። ሁለተኛውን የልጅሽ አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኖታል። ሦስተኛው ግን ግሩም ነው። በራፍ ላይ፣ በጠዋት ፀሐይ። ጆሮዋ ከሥሩ ሮዝ ነው፤ ደም ሥሩ ሳይቀር ይታያል። ወደ ጫፉ ሲሄድ አመድማ ይሆናል። አንድ ሰው አመድ ነክቶ በጣቱ የዳበሳት ነው የምትመስለው። አፍንጫዋ ላይ ያለው እንቁላል ቅርጽ አለው፤ ዳር ዳሩ ግን አልጠራም። የፊት እግሮቿም ከጥፍሯ ከፍ ብሎ ጠቆር ማለት ጀምረዋል። ይህን አንቺ አልጻፍሽልኝም። ነገ ጠዋት ገልብጠሽ እያቸው። ጅራቷንም እይ።

አሁን ሦስቱን ዳኞች በየተራ እንያቸው።

ከወንድምሽ ልጅ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ተሳስቷል። ድዋርፍ የሚባሉት ጥንቸሎች ጭንቅላታቸው ክብ ነው፣ ጆሯቸው አጭር ነው። በጣም የታወቀው የኔዘርላንድ ድዋርፍ ጎልምሶ እንኳ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ጆሮውም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥጤ ገና በጨቅላነቷ 900 ግራም ሆና፣ ጆሮዋ የመሐል ጣትሽን አልፎ፣ እንዴት ብላ ድዋርፍ ትሆናለች? አትፍረጂበት። በስልክ መስታወት ሁሉም ግልገል ድዋርፍ ነው። እኔም ተታልዬበታለሁ። ጥንቸል ማርባት በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነጋዴ ከመዳፌ የማትሞላ ግልገል አሳይቶ «ትንሿ ዝርያ ናት» ብሎ በእጥፍ ዋጋ ሸጠልኝ። በስድስተኛው ወር አራት ኪሎ ሆነች። በትንሽነቷ ልክ የሠራሁላት ሳጥን የዶሮ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ትንሽ ዝርያ ሳትሆን ከእናቷ ቶሎ የተነጠለች ሕፃን ነበረች። ግልገል ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መክረም አለበት። ትንሽ ሲሆን ልብ ይሰርቃል፤ ሻጭ ይህን ያውቃል።

ሻጩ ያለሽ ኒውዚላንድ ነው። ግማሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። የኒውዚላንድ ነጭ የሚባለው ትልቅ ነው፣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ በአገራችን የእርባታ ቦታዎችም የተለመደ ነው። ቀይ ዓይኑ ሕመም አይደለም። ዓይኑ ውስጥ ቀለም ስለሌለ የደሙ መልክ ነው የሚታየው። (ስሙ ያሳስታል እንጂ ዝርያው የወጣው አሜሪካ ነው። እኛስ በቆሎን የባሕር ማሽላ እንል የለ? ባሕር ውስጥ የበቀለ ይመስል።) ግን ንጹሕ የኒውዚላንድ ነጭ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ነጭ ነው። አንዲት ጥቁር ፀጉር የለችውም። የጥጤ አፍንጫ እዚህ ላይ ሻጩን አጋለጠው።

ጎረቤትሽ ናት ወደ እውነቱ የቀረበችው። ካሊፎርኒያ የሚባለው ዝርያ ገላው ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ፣ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ አራት እግሩና ጅራቱ ጥቁር ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ አርቢ ሂማላያን የሚባለውን ትንሽ ጥንቸል ቺንቺላ ከሚባለው ሌላ የጥንቸል ዝርያ ጋር አዳቀለ። በኋላ የኒውዚላንድ ነጭ ተጨመረበት። ጥቁሩ ጫፍ የመጣው ከሂማላያኑ ነው።

የዚህ ጥቁር ነገር ደግሞ ከሠላሳ ዓመት የባዮሎጂ መምህርነቴ ሁሉ የምወደው ትምህርት ነበር። ቀለሙን የሚሠራው ነገር ሙቀት አይወድም። ገላዋ ትኩስ ስለሆነ እዚያ አይሠራም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጅራት ግን ከገላ ቀዝቀዝ ይላሉ። እዚያ ይሠራል፣ ያጠቁራል። ግልገል ሲወለድ ከእናቱ ሆድ ሙቀት ነው የሚወጣው። እናቲቱም ከደረቷ ፀጉር ነጭታ ጎጆውን ትሞላዋለች። ስለዚህ ነጭ ሆኖ ይጀምራል። ከጎጆ ወጥቶ ንፋስ ሲያገኘው ጫፍ ጫፉ እየጠቆረ ይሄዳል። ባጠብሻት ቁጥር የባሰባት ለዚህ ነው። ሳሙናሽ አይደለም፤ ዕድሜዋ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ለእህቴ ልጅ አንዲት ካሊፎርኒያ ሰጥቻት ነበር። እዚህ እኔ ግቢ ሳለች አፍንጫዋ የተቆላ ተልባ ነበር የሚመስለው፤ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይባልም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ሞቃት ናት። ጥንቸሏ በነሐሴ ደብረ ታቦር ሄደች። እዚያ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ነው፤ የጉና ብርድ ሲወርድበት አስቢው። ለገና ልጠይቃቸው ሄጄ ሳያት አፍንጫዋ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል! «ለውጣችሁብኛል» ብዬ ተጣላሁ። ጆሮዋን ገልጬ ድሮ ሽቦ የቧጠጣትን ጠባሳ ሳይ ነው ያፈርኩት። ፀጉሯን ስትቀይር አዲሱ በብርድ ወጣ፤ በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ እዚህ ባሕር ዳር የአንድ ጥንቸል አፍንጫ ፈዘዘ ብሎ ካሊፎርኒያ አይደለም ማለት አይቻልም።

የጥጤ ግን ፈዛዛ ብቻ ሳይሆን ዳሩም አልጠራም። ይህ ምን ያስጠረጥረኛል መሰለሽ? የኒውዚላንድ ነጭና የካሊፎርኒያ ድቅል። ሁለቱ ሲጋቡ የካሊፎርኒያው ጥቁር ጫፍ ልጆቹ ላይ ይወጣል፣ ነገር ግን አመድ አመድ ብሎ ነው። ሻጩም ጎረቤትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል የምለው ለዚህ ነው። ፈርሚልኝ ካልሽኝ ግን አልፈርምም። የግልገልን ዝርያ በእርግጠኝነት የሚናገር እናትና አባቱን ያየ ሰው ነው። እኛ ከተማ ከቤት ቤት የሚዞሩት ጥንቸሎች አንዱ ካንዱ የተዋለዱ ናቸው፤ የዘር መዝገብ የላቸውም። ሻጩን ዳግም ካገኘሽው «ዝርያዋ ምንድነው?» አትበይው። «እናቷን አሳየኝ» በይው።

ወደ ቤትሽ እንምጣ፤ አንቺን የሚያስጨንቅሽ እሱ ነውና። ሁለቱም ወላጆቿ ከትልቆቹ ወገን ከሆኑ ጥጤ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ አራት፣ አራት ተኩል ኪሎ ትሆናለች። ሁለት ሦስት የሀበሻ ዶሮ አንድ ላይ እንደማለት ነው። ፋብሪካ መኖ ጠግበው የሚያድጉት በስምንት ሳምንታቸው ሁለት ኪሎ ይጠጋሉ። የእኔዎቹ በሳር ያደጉት ግን በዚያ ዕድሜ ኪሎ ቢሞሉ ነው፤ ስለዚህ 900 ግራሟ አያስደነግጥም። በየሳምንቱ መዝኛት። ብቻዋን ሚዛን ላይ አትቀመጥልሽም። የትራስ ልብስ ውስጥ አስገቢያትና አንጠልጥለሽ መዝኚ፣ ከዚያ የትራስ ልብሱን ክብደት ቀንሺ። ልጅሽ ደብተር ላይ ትጻፍ። አንደኛ የወጣች ልጅ አይደለች? ክብደቷ በየሳምንቱ እየጨመረ እስከ አምስተኛ ስድስተኛ ወሯ ከዘለቀ ትልቅ ናት። ማደሪያውን ለአራት ኪሎ አሠሪው፤ ተዘርግታ የምትተኛበት፣ በኋላ እግሯ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያ የማይነካበት ይሁን። መሬቱን ሽቦ አታድርጊው፤ እግሯን ያቆስላታል። የቻርጀር ገመድ ደግሞ ከፍ አድርጊ። ይህንን በገንዘቤ ተምሬዋለሁ።

«የስጋ ጥንቸል» የተባለው እውነት ነው። ሁለቱም ዝርያዎች ሌላ አገር የሚረቡት በዋናነት ለስጋ ነው። ልጅሽን ግን አረጋጊያት፤ ዝርያው ለስጋ ነው ማለት ጥጤ ለስጋ ናት ማለት አይደለም። እነዚህ ትልልቆቹ ረጋ ያሉ ናቸው። ድዋርፎቹ ናቸው ቅብጥብጥ የሚሉት። ለሕፃን ትልቁ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ብቻ ልጅሽ ቁጭ ብላ ታቅፋት እንጂ ቆማ አታንሳት። ከወደቀች ወገቧ ቶሎ ይሰበራል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አትብሉት ይላል እንጂ አታሳድሩት አይልም። ያንኑ ጥቅስ ያንብቡልሽ፤ «ያመሰኳል» የሚል ያገኛሉ። እንደ በሬ አታመሰኳም። ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ብትነሺ ጥጤ አጎንብሳ ከራሷ የሚወጣ ለስላሳ ነገር ስትበላ ታገኛታለሽ። እንዳትደነግጪ፤ ያንኑ ሳር ሁለተኛ እየፈጨችው ነው። ካልበላችው ትታመማለች። ይህን ለእናትሽ ባትነግሪያቸው ይሻላል።

«እሷ» ማለታችሁንም ገና አታጽኑት። በዚህ ዕድሜ ወንድና ሴት ለመለየት የለመደ ዓይን ያስፈልጋል፤ የለመደውም ይሳሳታል። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላ ወንድ ከሆነ ቆለጡ ይወርዳል፣ ያኔ ክርክር የለም። እኔ ንግሥት ያልኳት አንዷ በሦስተኛ ወሯ ንጉሥ ሆናለች። ጓደኛ እናምጣላት ካላችሁ ከዚያ በኋላ ይሁን። ጥንቸል 31 ቀን ገደማ ነው የምታረግዘው፤ በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ሁለት ክፍል ቤት ነው ያልሽኝ።

ምግብ አልጠየቅሽኝም፤ ሳልናገር ግን አላልፍም። ደረቅ ሳር ከፊቷ አይታጣ። ካሮትና ሙዝ እንደ ከረሜላ ነው፤ በጥቂቱ። የስኳር ድንች ቅጠል ትወዳለች። አቮካዶ ቅጠሉም ፍሬውም መርዝ ነው። ከጣና ዳር፣ ደንገሉ ካለበት ረግረግ የታጨደ እርጥብ ሳር ግን በፍጹም አታምጪላት። የጉበት ትል እጭ ሳሩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ከብቱን የሚያከሳው እሱ ነው፤ ጥንቸልንም አይምርም።

ሐምሌና ነሐሴ ሲበርድ አፍንጫዋን እንደገና አንሺልኝ። እዚያው በራፍ ላይ፣ ጠዋት። ልጅሽ ታንሳት፤ አውራ ጣቷን ብቻ ከፊት ዘወር ታድርግ።

ጥያቄ

«መልኳ ዝንጉርጉር ግራጫ ነው። ቺንቺላ ናት ብለው በውድ ሸጡልኝ። እንዴት አረጋግጣለሁ? ከግሽ ዓባይ ሰፈር»

መልስ

ብርሃን ላይ ጭንህ ላይ አስቀምጣትና ጀርባዋ ላይ እፍ በልባት። ጠንከር አድርገህ። ፀጉሩ እንደ አበባ ይከፈትልሃል፣ ቀለበት ቀለበት ታያለህ። ሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ዓይነት፣ መሐሉ ዕንቁ የመሰለ ነጭ፣ ከላይ ጥቁር ከሆነ የቺንቺላ ቀለም ነው። መሐሉ ቡኒ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ግን እንደማንኛውም የዱር መልክ ያለው ጥንቸል ነው፤ ተበልተሃል። የቺንቺላ ቀለም ኖራት ማለትም የቺንቺላ ዝርያ ናት ማለት አይደለም። ቀለም ከአያት ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ

«እትዬ፣ መሸንቲ ነው የምኖረው። ማሳ ውስጥ ጥንቸል ግልገል አገኘሁ። ብቻዋን ነበረች። ቡላ ናት፣ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ከመዳፌ አትበልጥም፣ ግን ትዘላለች። ወተት በጠርሙስ እየሰጠኋት ነው። ዝርያዋ ምንድነው? የ8ኛ ክፍል ተማሪ»

መልስ

ለዚህ ልጅ ያኔውኑ ደውዬለታለሁ፤ መጽሔቱ እስኪወጣ ግልገሏ ትሞትበታለች። እዚህ የማወጣው ገጠር ያላችሁ ሌሎቻችሁ እንድታዩት ነው።

ይቺ የቤት ጥንቸል አይደለችም። በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል ስለምንላቸው ነው የሚምታታው። የቤት ጥንቸል ግልገል ራቁቱን፣ ዓይኑ ተከድኖ ነው የሚወለደው። ዓይኑን የሚገልጠው በአሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። የእኛ የሜዳ ጥንቸል ግን ፀጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ ወዲያው መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ማሳ ውስጥ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ግን የምትዘል ካየህ የሜዳዋ ሳትሆን አትቀርም። ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሳር ውስጥ ለጥ ብላ ነው የምትደበቀው። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አይዋለዱም፤ የቤቷ 44 ክሮሞሶም (ዘር ተሸካሚ ክር) ሲኖራት የሜዳዋ 48 አላት። በእኛው ደጋ ብቻ የሚገኝ የሜዳ ጥንቸል ዓይነትም አለ። ስለዚህ «ዝርያዋ» ብሎ ነገር የለም፤ የዱር ናት።

ብቻዋን ስለነበረች የተጣለች መስሎት ነበር። እናት ቀኑን ሙሉ ሆን ብላ ነው የምትርቀው፤ ጠላት እንዳይከተላት። መሸት ሲል መጥታ አንዴ ታጠባለች፣ ትሄዳለች። የላም ወተት ደግሞ ሆዷን ይነፋታል። አሁኑኑ ያነሳህበት ቦታ መልሳት፣ አጠገቧም አትቁም አልኩት። መለሳት።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ የለችም። እናቷ ወሰደቻት ወይስ ቀበሮ?» አለኝ። እናት በአፏ አትሸከምም፤ ግልገሏ ራሷ ነው የምትዘዋወረው። ደም ወይም የተነጨ ፀጉር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሄዶ እንደገና አይቶ ደወለ። ምንም የለም። የተኛችበት ሳር ብቻ ለጥ ብሏል አለኝ።